በደብዳቤ ያመነው ገዳይ

«ደብዳቤ!» እለዋለሁ። «ገዳዩ ራሱ ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ጽፎ ያምናል? አንተ ልጅ፣ ምን ነክቶህ ነው?»

ታናሽ ወንድሜ መስታወቱ ፊት ቆሟል፤ እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ እግሩ ሥር ተንበርክኬያለሁ። ነገ ሰባተኛው መጽሐፉ ይመረቃል። አራት ወር ሙሉ «እየጻፍኩ ነው» እያለ ደጄን ሳይረግጥ ከርሞ፣ ዛሬ «ሱፌን ትንሽ አጥብቢልኝ» ብሎ ብቅ አለ። ዓይን አውጣ!

መጽሐፉን ቀደም ብሎ ልኮልኝ ስለነበር ትናንት ጨረስኩት። ቆሽቴ አርሮ ነው ያደርኩት።

«ስድስት መጽሐፍ ሙሉ ያ መርማሪህ በጫማ ጭቃ፣ በተበጠሰ የሸሚዝ ቁልፍ ገዳይ እያደነ ሲይዝ አነበብኩ። ያውም የሰው ልብስ አሳድሬ፣ ደንበኛ እየጮኸብኝ! አሁን ምን ሠራ? ፖስታ ከፈተ። ፖስታ መክፈትማ እኔም አያቅተኝ!»

«እትዬ፣ አንዳንዴ እውነት እንደዚህ ነው የሚገኘው።»

«እውነቱን ተወውና፣ ሰዓት ሠሪውስ? አራተኛው መጽሐፍ ላይ ቀብረኸው የለም እንዴ? አልቅሼለታለሁ እኮ! ሰባተኛው ላይ ተነሥቶ ሻይ ይጠጣል።»

«ጠጣ እንዴ?» ብሎ ይስቃል፣ የመስታወቱን ጠርዝ ይዞ።

«አዎ ጠጣ! ያውም በሁለት ስኳር! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ምን አስቸኮለህ? አሳታሚው ነው? ንገረኝና ሄጄ ልኩን ላሳየው!»

«ማንም አላስቸኮለኝም።»

«መርማሪው ቢሮውን ዘግቶ ቁልፉን ለጽዳት ሠራተኛዋ የሰጣትስ? አለቀ ማለት ነው? የስንት ዓመት ልፋት እንዲህ ተዝረክርኮ ያልቃል?»

ሜትሩን ከአንገቴ መንጭቄ ወገቡ ላይ አዞርኩት። ሰማንያ አንድ። ተሳስቻለሁ ብዬ ደገምኩት። ሰማንያ አንድ። ይህን ሱፍ አምና የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ዘጠና ስድስት ነበር።

ብድግ ብዬ ትከሻውን ለካሁ። ሰው ምግብ ቀንሶ ሲከሳ ሆዱ ነው የሚጎድለው፤ የእሱ ትከሻው ሳይቀር ወርዷል። ሠላሳ ዓመት ሰው ስለካ ኖሬ ይህ አይጠፋኝም። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ሐኪም ጋ ሄደሃል አይደል? ምን አለህ?»

«ነገ ይመረቅና እናወራለን፣ እትዬ።»

«ምን አለህ?»

«የጀመርከው ነገር ካለ ጨርስ አለኝ።»

ንዴቴ አልበረደም። እንዲያውም ብሶበታል፤ የማወርድበት ሰው ነው የጠፋኝ። የሱሪውን ወገብ ከኋላ ሰብስቤ ያዝኩት። አንድ ጭብጥ ጨርቅ ተረፈኝ። በጠመኔ አሰመርኩበት፤ መስመሩ ጠመመ፤ አጥፍቼ ደገምኩት።

«ትርፉን ቁረጪው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ጀርባዬን ይቆረቁረኛል።»

«አልቆርጥም።»

«እትዬ...»

«አልቆርጥም አልኩህ! ይቆርቁርህ! ወደ ውስጥ አጥፌ ነው የምሰፋው። ስትወፍር እፈታዋለሁ።»

መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ቆለፍኩበት።