የደምሰው ወፍጮ

ወፍጮው የመኩሪያና የሸሪኩ የደምሰው ነው። መንደሩ ግን «የደምሰው ወፍጮ» እያለ ሲጠራው የመኩሪያ አንጀት እርር ይላል፤ «እኔ ምን ነኝ፣ ጆንያ ነኝ?»

አንድ ቀን ደምሰው አንድ እንግዳ ሰው አምጥቶ የበሩን ስፋት በሜትር ሲያስለካ መኩሪያ አየው።

«ማሽኑ በበሩ ይወጣ እንደሆን እያየ ነው። ሳያማክረኝ ሊሸጠው!»

ፍርድ ቤት ሲመላለስ ሰነበተና «ያለ ሁለቱም ፊርማ እንዳይሸጥ» የሚል እግድ አወጣ። መንደሩ ሁሉ እንዲያነበው ወረቀቱን ከበሩ በላይ በኮላ ለጠፈው።

በማግስቱ ደምሰውና ያ ሰው አዲስ ታፔላ ተሸክመው መጡ። «መኩሪያና ደምሰው ወፍጮ ቤት» ይላል።

«ታላቄ ነህና ስምህን አስቀደምኩት፣ ጋሼ መኩሪያ» አለ ደምሰው እየሳቀ። ሊሰቅለው ቀና ሲል ግን ቆም አለ።

«ይቺን ወረቀት እዚህ ማን ለጠፋት?»