ሁለተኛው ጉርሻ

ረሂማ የመጀመሪያውን ኮፍታ ከሚንጣጣው መጥበሻ አንስታ እስኪበርድ እፍ አለችበት። የቱርክ ጎረቤቷ እንዳሳየቻት ሽንኩርት ፈቅፍቃ፣ የደረቀ ዳቦና ከሙን ጨምራ፣ የተፈጨውን ሥጋ ስታሽ ነበር ያረፈደችው። ሥጋው ሀላል ነው። የባሏ እናት እትዬ ሸዋወርቅ «የእስላም ሥጋ ባፌ አይዞርም» እያሉ፣ ስካይቪው ራንች የሚባል ሰፈር ወዳለው ወደዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የገዛ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ሲመላለሱ ኖረዋል። ዘንድሮ በረዶው ከገባ ወዲህ ግን ሰው መለየት ተስኗቸዋል።

«በሞቴ፣ እትዬ» ብላ አጎረሰቻቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡና ዋጡ። ረሂማ ይህችን ቀን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ «የበሉት የእስላም ሥጋ ነው» አለቻቸው፣ ቀስ ብላ።

እትዬ ሸዋወርቅ ዘይት የነካውን እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። «እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ። ድገሚኝ» አሉ። ከዚያ በሩን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቶሎ በይ፣ ያቺ የልጄ ሚስት ሳትመጣ። እሷ ከነካችው ውሻ የላሰው ይሻለኛል።»

ረሂማ ሁለተኛውን ኮፍታ ከመጥበሻው አነሳች። እፍ አላለችበትም።