ዱካ የማጥፋት ፈተና

ሸምሱ በሰንበቴ ገበያ ከብት ነጋዴ ነው። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ቢልክ የኢክላስ አባት «ልጄ ትማር» ብለው መለሱት። ከዚያ ወዲህ ሸምሱ «እንግዲህ በጉልበቴ» ብሎ ዝቷል እየተባለ ከሚሴ ውስጥ ይወራል። ኢክላስ ወሬውን ትፈራለች። የስካውት ቡድኗን ግን አልተወችም። ጨፋ ረግረግ ስትገባ ደረቷ ቀለል ይላታል፤ ከእኩዮቿም እዚያ የሚስተካከላት የለም።

የቡድኑ መሪ ፋሪዳ ናት።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ፣» አለቻት። «እኔም በጠለፋ ነው የተዳርኩት፤ ነገሩን አውቀዋለሁ።»

ያን ቅዳሜ ሌሎቹ ልጆች በአስፋልቱ ሄዱ። ኢክላስ የመጨረሻ ፈተና ነበረባት፤ ረግረጉን ዱካ ሳይተዉ መሻገር። ካለፈች እሷም መሪ ትሆናለች። ፋሪዳ ልትፈትናት አብራት ሄደች፤ ስልኳንም ተቀበለቻት። በፈተና ላይ ስልክ አይያዝም።

ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ኢክላስ ዞር ብላ አየች። ራሱን በኩታ የጠቀለለ ሰው ከሩቅ ይከተላቸዋል። ጎንበስ እያለ ጭቃውን ያያል። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ይኸው ነው።

«ፈተናሽ የምር ሆነልሽ፣» አለች ፋሪዳ በሹክሹክታ። «በይ እንግዲህ፣ የተማርሽውን አሳዪኝ።»

ኢክላስ የምታውቀውን ሁሉ አወጣች። በውሃው ውስጥ ሄደች፤ የተረገጠውን ደንገል መልሳ አቀናች። ጭቃው ሲመጣ የከብቶቹን ኮቴ ተከትላ እዚያው ላይ ረገጠች። ፋሪዳም እሷ በረገጠችበት ረገጠች።

ሰውዬው ቆመ። ዱላውን ወደ ላይ አንሥቶ ጮኸ። ነፋሱ ድምፁን ቆራርጦ አመጣው።

«ስሜን ነው እኮ የሚጠራው፣» አለች ኢክላስ።

«ጠላፊ ስም ሳያጣራ ይመጣል እንዴ? ዝም በይ።»

ኢክላስ ደንገሉ ውስጥ በሆዷ ተኝታ ትንፋሿን ዋጠች። ሰውዬው ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ በሌላው አቅጣጫ ወረደ። ጩኸቱ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ኢክላስ በደስታ አለቀሰች።

«ወላሂ አልፈሻል፣» አለች ፋሪዳ። «ኮቱ፣ ነይ እንሂድ። ከቦርከና ወንዝ ማዶ የሚጠብቀን አለ።»

ማዶ ዋርካው ሥር ሞተር ሳይክል ቆሟል። ሸምሱ ከሁለት ጎረምሶች መሀል ተነሣና ፋሪዳን ጠየቃት።

«አባቷ ተከትሏችኋል አሉኝ። ዱካ አላገኘም?»

«ራሷ አጥፍታዋለች።»