በጉግሳ እግር ልክ

«እስከ መቼ ነው የምታስቆመኝ?» አለ ፍቃዱ ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ። ተሳቢው ሞተሩ ሳይጠፋ የግቢው በር ላይ ተገትሯል።

ጉግሳ ከቆርቆሮው ዳስ ሥር ቁጢጥ ብሎ ራሱ የሠራውን ብስክሌት የግራ ፔዳል ብሎን እያጠበቀ ነው። መፍቻውን ዞር ያደርግና በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ ደግሞ ዞር ያደርገዋል። ከአናቱ በላይ ጎማው ቆሟል፤ ቆሞ ቢለካው ደረቱ ጋ የሚደርስ አንድ ግዙፍ ጎማ፣ ከኋላው ደግሞ ከሕፃን ጋሪ የተነቀለች አንዲት ሚጢጢ። ቸርኬውን ከውሃ ቱቦ ነው ያጎበጠው፤ ውስጡን አሸዋ ሞልቶ፣ በእሳት እያጋለ፣ ሦስት ቀን ሙሉ። ዙሪያውን ያለበሰው ወደብ ላይ ከተጣለ የነዳጅ ቱቦ የተሸለቀቀ ላስቲክ ነው።

«ዘጠኝ ወር ደበደበው» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ባዩሽ፣ የውሃ ባልዲያቸውን መንገዱ ዳር አስቀምጠው። «እኔ በዘጠኝ ወር ሰው ወልጃለሁ።»

ፍቃዱ ሳቀና ሽርጡን እየሰበሰበ ወረደ። «ጉግስዬ፣ ልብስህን ያዝና ና። ፀሐይዋ ሳትበረታ የደባይሲማን በረሃ ማለፍ አለብኝ።»

ታላቅ ወንድሙ ነው። የአዲስ አበባን መንገድ ሲመላለስበት አሥራ አንድ ዓመቱ። አባታቸው ከሞተ ወዲህ በመጣ ቁጥር የሚለው አንድ ነው፤ እዚህ ማን አለህ፣ አገሩ እንደሆነ ድንበር ተሰምሮበት ሌላ አገር ሆኗል፣ እኔ ጋ ረዳት ሁን። ዛሬ ግን ልመናውን ትቷል። የቀድሞ ረዳቱን አሰናብቶ፣ የጋቢናውን ወንበር ባዶ አድርጎ ነው የመጣው።

ሌላው ሰው ረዳት ሆኖ ይገባና ሾፌር ሆኖ ይወጣል። የጉግሳ ግራ እግር ግን ከቀኙ አራት ጣት ታጥራለች፤ ፍሪሲዮን ረግጣ አታውቅም፣ አትረግጥምም። እሱ ረዳት ከሆነ ጠጉሩ እስኪሸብት፣ ዳገት ላይ ጎማ ሥር ድንጋይ ሲወትፍ ነው የሚኖረው። ሞክሮ ያልወደቀባት ብስክሌትም የለችም። ታዲያ አንድ ቀን በጣልያን ብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ ሥዕል አየ፤ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ትልቅ ጎማ ላይ ጉብ ብሎ። ልቡን የሰረቀው ሰውዬው አይደለም፤ የፔዳሉ ነገር ነው። ሰንሰለት የለ፣ ጥርስ የለ፤ የፔዳሉ ክንድ በቀጥታ ከጎማው እምብርት ላይ ታስሯል። እንግዲያ ክንዱን የሚቆርጠው ባለ ፋብሪካው ሳይሆን ባለ እግሩ ነው። የቀኙን አስረዘመ፣ የግራውን አሳጠረ።

መፍቻውን አስቀምጦ ተነሣ።

«ወንድም ጋሼ፣ እዚያ ማዶ እስካለው የውሃ ታንከር ብነዳውስ?»

ፍቃዱ መንገዱን በዓይኑ ለካ። «ከነዳኸው አፌን ዘጋሁ። ከወደቅክ ግን ብረትህ እዚህ ይቀራል፣ አንተ ትጫናለህ።»

«እትዬ ባዩሽ፣ ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ። አጥንትህን የምለቅመውም እኔው ነኝ።»

ጎማውን እየገፋ ከግቢው አወጣው። ከዚያ ቆመ። ኮርቻው ከደረቱ በላይ ነው። ሥዕሉ ላይ ሰውዬው አስቀድሞ ወጥቶ ቁጭ ብሏል፤ እንዴት እንደወጣ ክዳኑ አይናገርም። ዘጠኝ ወር ቱቦ ሲያጎብጥና ሽቦ ሲወጥር፣ ይቺን ነገር አንድ ቀን አላሰባትም።

ፍቃዱ ገባው። «መሰላል ላምጣልህ?»

ጉግሳ ፊቱ ጋለ። ወዲያው ግን ጎማውን እየገፋ ሄዶ ተሳቢው ጎን አስደገፈው፤ በክንዱ ተንጠላጥሎ ጭነቱ ጫፍ ላይ ወጣ። ከዚያ ኮርቻው ከጉልበቱ አይበልጥም።

«በአንተ መኪና እወጣለሁ» አለ።

«መውረጃውስ?»

«ስለ መውረድ የተነጋገርነው ነገር የለም።»

ተቀመጠ። ቀኝ እግሩ ፔዳሏን አገኘች። ግራ እግሩም፣ ሳትንጠራራ፣ ወገቡን ሳታዘም፣ እታች ድረስ ሄዳ የራሷን አገኘች። በእጁ ተሳቢውን ገፋ።

ጎማው አንዴ ወደ ግድግዳው፣ አንዴ ወደ ባልዲው አለ። እትዬ ባዩሽ «በስመ አብ» ብለው ባልዲያቸውን ነጠቁ። መሪው እጁ ላይ እንደ ዓሣ ተንፈራገጠ። ጠንከር አድርጎ ሲረግጥ ግን ቀና፤ በረገጠ መጠን እየቀና ሄደ።

ታንከሩ ጋ ደረሰ። ጎማው ማቆሚያ የለውም፤ ቢኖረውም ጉግሳ አያቆምም ነበር። አለፈው።

ከኋላው የጋቢናው በር ተዘጋ። ማርሽ ገባ። ዞሮ ቢያይ ይወድቃል፤ ስለዚህ በጆሮው ተከተለው። አንደኛ። ሁለተኛ። ወንድሙ ማርሽ ሲቀይር ትንሽ እንደሚዘገይ ያውቃል፤ ዛሬ ይበልጥ ዘገየ። ሦስተኛ። ድምፁ ወደ እሱ አልመጣም፤ ወደ አዲስ አበባው አስፋልት ታጠፈ። ክላክስ እንኳ አልነፋም። ጉግሳ ፔዳሉን ጠንክሮ ረገጠ።

ከዚህ ከፍታ የሰፈሩ አጥር ሁሉ አጭር ነው። ሌሊቱን ደጅ ያደሩ የገመድ አልጋዎች ገና አልተነሡም። አንድ ጣራ ላይ እንዲደርቅ ዓሣ ተሰጥቷል፤ ከጣራው ኋላ ባሕሩ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ኖሮ ኖሮ አይቶት በማያውቀው ግቢ ውስጥ አንዲት ሴት እርጥብ ሽርጥ ገመድ ላይ ትዘረጋለች። ከአጥሩ በላይ ሰው ሲያልፍ አይታ እጇ ባለበት ቀረ።

«አንተ ልጅ፣ ከየት ነው የመጣኸው?»

ግራ እግሩ ወረደች፣ ቀኙ ወጣች።

«ከየትም አልመጣሁም» አለ ጉግሳ፣ ወደፊት እያየ። «የዚሁ ነኝ።»