የአራስ ገንፎ

የቅቤ ማሰሮዎች የበላተኛውን ልብ ሳያዳምጡ አንከፈትም ማለት ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ደብሪቱ ግን ልጇ ሕሊና እስክትወልድ ድረስ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም ነበር።

ገንፎው ደርሷል፤ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤውን ይጠብቃል። ሕሊና አውራ ጣቷን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። ቀይ ጽሑፍ ወጣ እንጂ ማሰሮው አልተከፈተም።

«በቃ እማዬ፣ በተልባ ልብላው።»

«አራስ ምን ጾም አላት? ጎረቤትስ ምን ይለኛል?»

ደብሪቱ ማሰሮውን ታቅፋ ጓዳ ገባች። ፀጉር ለሚቀባ ሰው እንደማይከለክል ታውቃለች።

«ለፀጉር ነው» አለችው። ክዳኑ ተከፈተ።

በማንኪያ ጨልፋ ልትመለስ ስትል ዓይኗ ቀዩ ጽሑፍ ላይ አረፈ። ፊደል የቆጠረችው ዘንድሮ ነው። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንድ በአንድ ለቀመችው፦ «የሕሊና ልብ ደክሟል። ቅቤ አትብላ።»

እስካሁን ማሰሮው ሲከለክል እልህ ይይዛት ነበር። በገዛ አንደበቷ ስታነበው ግን እልሁ ለቀቃት።

ተመልሳ ገንፎው ላይ ተልባ አፈሰሰች። ቅቤውን የልጇ አናት ላይ አኖረችው።

«ምነው እማዬ?»

«ለፀጉር ነው ብዬ ዋሽቼ ነው ያስከፈትኩት። ውሸቴን እውነት ላድርገው።»

ሕሊና እየሳቀች ተልባውን በላች። ቅቤው ቀልጦ በግንባሯ፣ ከዚያም በአፍንጫዋ ጎን ወርዶ ከንፈሯ ጋ ደረሰ። ምላሷን ብቅ አድርጋ ላሰችው።

ደብሪቱ ያላየች መስላ የሕፃኑን ጨርቅ ማጣጠፍ ጀመረች።