መቆሚያ የሌለው ጥሪ

መምህሩ ቦርሳው ውስጥ ከላፕቶፑ ሥር ሽጉጥ ደብቆ ክፍል ገባ። የአባቱ ገዳይ በበሽታ ሞቶ አምልጦታል፤ ይበልጣል የተባለው የገዳዩ ልጅ ግን ይኸው፣ የኮሌጅ ተማሪ ሆኖ ፊቱ ተቀምጧል። የመምህሩ እናት "የባሌ ደም ሳይመለስ አላወልቀውም" ያለችውን ከል ዛሬም እንደለበሰች ናት። አጎቱ ደግሞ ትናንት ደውሎ፣ "አንተ ካቃተህ ወንድ አላጣንም!" ብሎ ጆሮው ላይ ዘግቶበታል።

ትምህርቱ ሲያልቅ ልጁን ብቻውን ሊያስቀረው አስቧል።

"ሪከርዥን ማለት፣" አለ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ፣ "ፕሮግራም ውስጥ አንድ ትእዛዝ ሥራውን ለመጨረስ መልሶ ራሱን ሲጠራ ነው። የተጠራውም በተራው ይጠራል።"

ይበልጣል እጁን አወጣ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ ቲቸር፣ ታዲያ ማን ያስቆመዋል?"

"የጻፈው ሰው ነዋ! መቆሚያ ካላበጀለት ማሽኑ አቅም አጥቶ እስኪወድቅ ይጠራራል።"

የገዛ ቃሉ ጆሮው ውስጥ ቀረ። ተማሪዎቹ መልመጃውን ሲሠሩ እጁን ቦርሳው ውስጥ ከተተና የሽጉጡን ጥይቶች አውጥቶ ኪሱ ጨመራቸው። "በእኔ ይብቃ" አለ በልቡ።

ይበልጣል ስልክ ተደውሎለት ወጣ። ሲመለስ ክፍሉ ውስጥ የቀረው ሰሌዳውን የሚያጠፋው መምህሩ ብቻ ነበር።

"ና ይበልጣል፣ የምነግርህ ነገር አለኝ።"

ልጁ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።

"የማን ልጅ እንደሆንክ ድሮም አውቅ ነበር፤ ትቼው ነው። አጎትህ ግን ዛሬ ወንድሜን ገደለው" አለና እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ።