የአዲስ አበባው መስመር

«ግሊያ ነው የሚባሉት፣ እነዚያ የአንጎል ሴሎች!» ተገኘ ከአዲስ አበባ ይጮሃል። «ትርፊት፣ ትሰሚኛለሽ?»

ትሰማለች። ሆሳዕና ቴሌ ውስጥ ኦፕሬተር ሆና የሰውን ናፍቆት ስታገናኝ አራት ዓመቷ ነው፤ ዛሬ ግን ተራው የራሷ ነው። እጮኛዋ ነገ ለትምህርት ወደ ሌኒንግራድ ይበራል። «መቼ ትመለሳለህ?» የሚለውን ጥያቄ ከትናንት ጀምሮ አፏ ላይ ይዛዋለች። እሱ እቴ! የአንጎል ነገር ከተነሳበት ማን ያስቆመዋል?

«ነርቭ ለነርቭ መልእክት የሚያቀብለው በኬሚካል ነው። ኬሚካሉ መልእክቱን ካደረሰ በኋላ እዚያው ከቀረ ግን አዲስ መልእክት በደንብ አያልፍም፤ ነርቩም ያንኑ እየሰማ ይጎዳል። መጥጠው የሚያነሱት እነዚህ ሴሎች ናቸው! እኛ እኮ ማጣበቂያ ብቻ ይመስሉን ነበር።»

«ጎሽ» አለች፣ እየሳቀች። ድምፁ እንዴት ናፍቋታል! ስለ ድንች ቢያወራም ትሰማው ነበር።

ከጃጁራ ማልደው የመጡት እማማ አበራሽ በመስኮቱ ብቅ አሉ። አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ልጃቸውን ለማነጋገር ወረፋ ከያዙ ቆይተዋል። መስመሩ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ የኔ አልደረሰም?»

«አሁን፣ እማማ።» ትርፊት ወደ ስልኩ ዞረች። «ተገኘ፣ መቼ...»

«ጓድ፣ ሦስት ደቂቃ ሞልቷል» አለች የአዲስ አበባዋ ኦፕሬተር ጣልቃ ገብታ።

«ደህና ሁኚልኝ፣ ትርፊት! እጽፍልሻለሁ!»

ተዘጋ። ትርፊት ገመዱን አልነቀለችም። «ደህና ሁኚልኝ» ያለው ገና ሽቦው ውስጥ ያለ መሰላት፤ ከነቀለችው የሚጠፋ።

«ልጄ?» አሉ እማማ አበራሽ።

ነቀለችው። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና የእማማን ቁጥር አስጠራች። ልጃቸው ሲቀርብ «ይነጋገሩ» አለቻቸው።

ደንቡ ሰው ካገናኙ በኋላ ማዳመጫውን ማውለቅ ነው። እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች። እማማ አበራሽ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ በሀዲይኛ ልጃቸውን ጠየቁት፦

«መቼ ነው የምትመለሰው?»

ትርፊት እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አሳረፈች። ማዳመጫውን ሳታወልቅ፣ የእማማ ልጅ የሚሰጠውን መልስ ጠበቀች።